የአዴ ደርባቱ ሦስት በሮች

ለሃያ ስድስት ዓመት ነቀምቴ ውስጥ የሱቅ ደላላ ነበርኩ። ደላላ ሲባል ሰው ፊቱን እንደሚያጨማድድ አውቃለሁ። እናቴ ራሷ፣ አላህ ይማራት፣ ጎረቤት ስለ ሥራዬ ሲጠይቃት «ሰው ታገናኛለች» ትል ነበር እንጂ ደላላ የሚለው ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

አሁን አቁሜአለሁ። ጉልበቴም እምቢ አለኝ፣ ሥራውም ተለወጠ። ዛሬ ባዶ ሱቅ ያለው ሰው ፎቶ አንስቶ ስልክ ላይ ይለቅቃል፤ ፈላጊውም አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ይመርጣል። ፎቶው ላይ ግድግዳው ነጭ ነው፣ ወለሉ ያበራል። ደጁ ግን አይታይም። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን የጨረስኩት ደጅ ሳይ ነው።

ትውልዴ ወሎ ነው። በድርቁ ጊዜ ቤተሰቦቼ በሰፈራ ወደ ወለጋ ሲመጡ ገና ልጅ ነበርኩ፤ ኦሮምኛ የለመድኩት ከጎረቤት ልጆች ጋር ውሃ ስቀዳ ነው። አድጌ፣ አግብቼ ነቀምቴ ስገባ ባለቤቴ ወፍጮ ቤት ተቀጠረ፤ እኔ ከገበያው ዝቅ ብሎ ባለው መንገድ ዳር ሸራ ዘርግቼ ኦቾሎኒና የተቀቀለ በቆሎ መሸጥ ጀመርኩ። ከጀርባዬ የሱቅ ተራ ነበር። ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ ቁጭ የሚል ሰው ደግሞ ሳይፈልግም ብዙ ያያል።

ከሱቆቹ አንዱን የተከራየ ቅቤ ነጋዴ በሦስት ወሩ ለቀቀ። በማግስቱ ነጭ ቆብ ያደረጉ ቀጭን ሽማግሌ መጡና ከባዶው ሱቅ ፊት በርጩማ አኑረው ተቀመጡ። እስከ ምሳ ተቀመጡ። ከምሳ መልስም ተቀመጡ። በመጨረሻ ኦቾሎኒ ሊገዙኝ ጠጋ አሉና፣

«ስሚ ልጄ፣ ይሄ ቅቤ ነጋዴ ለምን ወጣ?» አሉኝ።

«ባለቤቱን አይጠይቁም?»

«ባለቤቱማ ሰውዬው ሰነፍ ነው ይላል። እኔ የጠየቅኩት አንቺን ነው።»

«ሰነፍስ አልነበረም፤ ጠዋት ከሁሉ ቀድሞ የሚከፍት እሱ ነው። ከሰዓት በኋላ ግን ፀሐይ ፊት ለፊት ይገባበታል። ቅቤው ሲቀልጥ ሴቶቹ ከሩቅ ያዩና ወደ ማዶ ይሻገራሉ» አልኳቸው።

«ታዲያ ምን ቢገባበት ይሻላል?»

ትንሽ አሰብኩ። «ፀሐይ የማይጎዳው ነገር። ድስት፣ ሰሃን።»

ሽማግሌው ሳቁና ሄዱ። በሳምንቱ ያ ሱቅ በድስትና በሰሃን ተሞላ። እሳቸውም ተመልሰው መጥተው፣ «ኦቾሎኒሽን ለሌላ ሰው ትተሽ ነይ፣ አብረን እንሥራ» አሉኝ። ጋሽ ነስሩ ይባላሉ።

ጋሽ ነስሩ ከጉራጌ አገር የመጡት በወጣትነታቸው ነው። ረጅም ዘመን ጨርቅ ነግደው፣ ሱቃቸውን ለልጆቻቸው ለቀው፣ ቤት መዋል ሲሰለቻቸው ወደ ድለላ የገቡ ሰው ናቸው። አማርኛቸው ውስጥ ኦሮምኛ አለ፣ ኦሮምኛቸው ውስጥ ጉራጊኛ አለ፤ ያሉት ያልገባው ሰው ግን አይቼ አላውቅም።

ባዶ ሱቅ አለ ሲባሉ ወደ ውስጥ አይገቡም። በርጩማቸውን ይዘው ፊት ለፊቱ ይቀመጣሉ። አንድ የገበያ ቀን፣ አንድ ተራ ቀን፣ አንድ ደግሞ ዝናብ የጣለበት ቀን። ይህ ሳይሞላ ሱቁን ለማንም አያሳዩም። እኔ መጀመሪያ አጠገባቸው ስቀመጥ የሚያልፈውን ሰው በጣቴ መቁጠር ጀምሬ ነበር።

«ምን ትቆጥሪያለሽ?» አሉኝ።

«የሚያልፈውን ሰው ነዋ።»

«እግሩን ተዪው፤ እጁን እዪ። ባዶ እጁን የሚሮጠው ወደ ሥራው ነው፤ ላንቺ ሱቅ አይቆምም። ዘንቢል አንጠልጥሎ ቀስ የሚለው ወደ ቤቱ ነው። የረሳው ነገር ትዝ የሚለው ያኔ ነው። ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ በየትኛው ጥግ እንደሚሄድ እዪና በዚያ በኩል ያለውን በር ፈልጊ።»

የነቀምቴን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አንዴ ከጀመረ ወራት ነው። ስለዚህ ጋሽ ነስሩ ከጎረቤት አንድ ጆግ ውሃ ይለምኑና ደፍ ላይ ያፈስሳሉ። ውሃው ወደ ውስጥ ከፈሰሰ «ይሄ ለእህል ነጋዴ አይሆንም» ብለው ይነሳሉ። ከዚያ ቀጥሎ ጎረቤት ነው። ውል ከመፈረሙ በፊት ተከራዩን በእጁ ይዘው ከግራና ከቀኝ ላሉት ባለሱቆች ያስተዋውቁታል። አንድ ጊዜ በርበሬ ነጋዴ ይዘን ሄድን። ጎረቤቱ የነጭ ልብስ ሻጭ ነበር። ሰውዬው ጨዋ ስለሆነ «እንኳን ደህና መጣህ» አለ፤ ግን ሦስት ጊዜ አከታትሎ አስነጠሰ። ጋሽ ነስሩ በርበሬ ነጋዴውን እዚያው አዙረው ይዘውት ወጡ።

ሌሎቹ ደላሎች ይስቁባቸው ነበር። ደላላ የሚያገኘው ከመጀመሪያው ወር ኪራይ ላይ ነው፤ ተከራይ ቶሎ ቶሎ ሲለቅ ቶሎ ቶሎ ይገኛል። ለእሳቸው ግን ያከራዩት ሱቅ በዓመቱ ባዶ ሲሆን ማየት ነውር ነበር። በዚያ መንገድ ማለፍ ራሱ ይከብዳቸዋል።

ሥራው ከነቀምቴም ያስወጣን ነበር። ሲሬ የመንገድ ከተማ ናት፤ አውቶብሱ ይቆማል፣ ተሳፋሪው ይወርዳል፣ ሹፌሩ ጡሩምባ ሲነፋ ሁሉም ይሮጣል። እዚያ ሱቅ ስታይ የምትጠይቀው «አውቶብሱ ሲቆም በሩ የት ላይ ይውላል?» ብለህ ነው። አንድ ዳቦ ቤት ሃያ እርምጃ ወደ ላይ ስላዛወርነው ብቻ ከመዘጋት ዳነ። ቢላ ወደምትባለው ከተማ ስንሄድ ደግሞ የምትነቃው በገበያ ቀን ነበር፤ በሌላው ቀን ሱቅ ከፍቶ መዋል ከዝንብ ጋር መጫወት ነው። ጋሽ ነስሩ እዚያ አንዷን ክፍል ለሁለት ሰው አከራዩ፤ በገበያ ቀን ጨው ነጋዴው ይከፍታል፣ በቀሩት ቀናት ጫማ ሰፊው ይሠራባታል። ሁለቱ ሰዎች ተጣልተው አያውቁም፣ ምክንያቱም አይገናኙም።

የሥራ ዘመኔ ትልቁ ትምህርት ግን የመጣው ከአንድ ቤት ነው፤ ከአዴ ደርባቱ ቤት። አዴ በኦሮምኛ እንደ ወይዘሮ ያለ የአክብሮት መጠሪያ ነው።

ቤቱ ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ መንገድ ዳር ነበር። የጭቃ ግድግዳ፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ ወደ መንገዱ የሚከፈቱ ሰማያዊ ቀለም የተቀቡ ሦስት የእንጨት በሮች። አዴ ደርባቱ ከጓሮ በኩል ይኖራሉ፤ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ልጆቻቸውን ያሳደጉት በሦስቱ በሮች ኪራይ ነው። ጠዋት ጠዋት ወንበራቸውን መሃለኛው በር አጠገብ አውጥተው ይቀመጣሉ፤ መንገዱ የሳቸው ግቢ ይመስል ነበር።

እሳቸው ጋ ተከራይ ማስገባት ፈተና ነው። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጣ ልብስ ነጋዴ ወሰድኩላቸው። ሰውዬው ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ በሩን ከፍቶ ገባ፣ ክፍሉን በእርምጃ ለካ፣ ወጣና «ይሆነኛል፣ የዓመቱን በአንዴ እከፍላለሁ» አለኝ። አዴ ደርባቱ ወንበራቸው ላይ ነበሩ።

«አዴ፣ የዓመቱን በአንዴ እከፍላለሁ እያለ ነው» አልኳቸው።

«ሰምቻለሁ። ከአጠገቤ አልፎ ሲገባ ግን ‹አካም ቡልቴ› አላለኝም» አሉ። «ዓመት ሙሉ ሰላም ከማይለኝ ሰው ጋር እንዴት ብዬ እኖራለሁ? ውሰጂው፣ ኢንታለ ኮ፣ ልጄ።»

ወሰድኩት። ጋሽ ነስሩ ሲሰሙ በጣም ደስ አላቸው።

በሳምንቱ ኦቦ ገመቹን ይዘን ሄድን። ኦቦ ገመቹ አጭር፣ ዝምተኛ፣ የመነጽራቸውን እጀታ በክር ያሰሩ ሰው ናቸው። የሚሸጡት የልብስ ቁልፍ፣ ክር፣ ዚፕ፣ ላስቲክና ገበር ነው። አዴ ደርባቱ ጋ ሲደርሱ ባርኔጣቸውን አወለቁና ሰላምታ ጀመሩ። ስለ ጤናቸው ጠየቁ፣ ስለ ልጆቻቸው ጠየቁ፣ ስለ ላማቸው ጠየቁ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቁ። ሰላምታው ከመርዘሙ የተነሳ ጋሽ ነስሩ ግድግዳ ተደግፈው አሸለቡ። ሲነቁ መሃለኛው በር ተሰጥቷል።

የኦቦ ገመቹ ሥራ እዚያ የሆነበት ምክንያት ነበረው። ከመንገዱ ማዶ በየበረንዳው አምስት ልብስ ሰፊዎች የስፌት መኪናቸውን ደርድረው ይሠራሉ። ቁልፍ ወይም ዚፕ ሲጎድላቸው ልብሱን መኪናው ላይ እንደተወጠረ ትተው፣ መንገዱን ተሻግረው ገዝተው ይመለሳሉ። የሰፈሩ ሰው በእኔና በኦቦ ገመቹ ይቀልድ ነበር፤ «አንዷ የበር ቁልፍ ትሰጣለች፣ አንዱ የሸሚዝ ቁልፍ ይሸጣል» እያለ። እንዲህ አሥራ አራት ዓመት ሄደ።

ከዚያ ከተማው ተለወጠ። መንገዱ አስፋልት ሆነ፤ ከአውቶብስ መናኸሪያው ወዲህ ፎቅ በፎቅ ላይ ይነሳ ጀመር። ጋሽ ነስሩ ታመው ቤት ዋሉ፤ እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ስሜ ወጥቶ ነበርና ባለፎቆቹ ይደውሉልኛል። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ይለኝ ነበር። የኦቾሎኒ ሻጯ ዘሃራ «እባክዎ የኛን ሕንፃ ይዩልን» ስትባል።

ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ባለ አዲስ ሕንፃ ምድር ቤት ላይ አንድ ሱቅ ተነገረኝ። ፊቱ ሙሉ መስታወት ነው። የሕንፃው ተቆጣጣሪ «ሌላ ሰው ዛሬ ነገ ቀብድ ሊያስይዝ ነው፣ ቶሎ በይ» አለኝ። እኔም ሄጄ ተቀመጥኩ፤ አንድ ቀን ብቻ። የፋሲካ ዋዜማ ነበር። ሰው እንደ ጎርፍ ይፈስሳል፣ የሁሉም እጅ ሙሉ ነው። ጋሽ ነስሩ ከመቶ ጊዜ በላይ ነግረውኛል፤ «በበዓል ሰሞን ደጅ አይታይም፤ ያ ሰው የዚያ ሰፈር ሰው አይደለም።» አውቀዋለሁ። ግን ያንኑ ዕለት አመሻሽ ላይ ኦቦ ገመቹን ይዤ ሄጄ፣ «ይህ ነው የእርስዎ ቦታ፤ ከዚያ ጨለማ ክፍል ይውጡ» አልኳቸው።

ኦቦ ገመቹ መስታወቱን በመዳፋቸው ነኩት። ተስማሙ።

በዓሉ አለፈ። መናኸሪያው ወደ ተለመደው ሥራው ተመለሰ፤ የሚያልፈው ሻንጣ የተሸከመ መንገደኛ ነው፣ ዓይኑ አውቶብሱ ላይ ነው። ለቆዳ ጃኬት የሚሆን የነሐስ ቁልፍ ማን ይፈልጋል? አምስቱ ልብስ ሰፊዎች ደግሞ መኪናቸውን ትተው ያን ያህል መንገድ መሄድ አልቻሉም፤ መጀመሪያ በሳምንት አንዴ ይመጡ ነበር፣ ኋላ ከሌላ ሰው መግዛት ጀመሩ። እኔ ያየሁት የሚያልፈውን ሰው ነው። ማን ከሥራው መሃል ተነስቶ እሳቸው ጋ እንደሚመጣ አልጠየቅኩም። በዘጠነኛው ወር ኦቦ ገመቹ ዘጉ።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ቁልፉንና ክሩን በካርቶን ይዘው በየልብስ ሰፊው እየዞሩ መሸጥ ጀመሩ፤ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ካርቶኑን መሬት ላይ አስቀምጠው፣ እንደ ድሮው በሁለት እጃቸው ጨብጠው «አካም ጅርታ፣ አዴ ዘሃራ? ልጆችሽ ደህና ናቸው?» ይሉኛል። እኔ መንገድ መቀየር ጀመርኩ። ከሩቅ ባርኔጣቸውን ካየሁ በሌላ በኩል እዞራለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ «ገበያው ነው፣ ዘመኑ ነው» እላለሁ።

አንድ ቀን ጋሽ ነስሩን ልጠይቅ ሄድኩ። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ተኝተዋል። አጠገባቸው ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ለእሱ ነግረሽዋል?» አሉኝ።

«ምኑን?»

«አንድ ቀን ብቻ መቀመጥሽን። ቀኑም ዋዜማ እንደነበር።»

«አልነገርኳቸውም።»

«እንግዲያው እኔ ጋ ምን ትሠሪያለሽ?» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። አልተቆጡም። ደክሟቸው ነበር። ውሃ አጠጥቻቸው ወጣሁ።

ኦቦ ገመቹን ያገኘኋቸው አንዱ ልብስ ሰፊ በረንዳ ላይ ነው። ካርቶናቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቁልፍ ይለያሉ።

«ኦቦ ገመቹ፣ ያንን ሱቅ ያየሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። የበዓል ዋዜማ ነበር። በበዓል ሰሞን እንደማይታይ አውቅ ነበር። እያወቅኩ ነው የወሰድኩዎት። ይቅር ይበሉኝ።»

ቁልፎቹን መለየታቸውን አላቆሙም። ነጩን ወደ ነጭ፣ ጥቁሩን ወደ ጥቁር። ኋላ፣

«እኔም አይቼዋለሁ» አሉ።

«ምኑን?»

«ውሉን ፈርሜ፣ ዕቃ ሳላስገባ በፊት ሄጄ ቆሜ ነበር። በዓሉ አልፎ ነበር። ግማሽ ቀን ቆምኩ። እንደማይሆን ገባኝ።»

«ታዲያ ለምን ገቡ?»

ኦቦ ገመቹ መነጽራቸውን አወለቁ። «በዚያ ክፍል አሥራ አራት ዓመት፣ ቡናማውን ክር ከጥቁሩ ለመለየት ወደ ደጅ እየወጣሁ ነው የኖርኩት። መስታወቱን ሳይ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ብርሃን ውስጥ ተቀምጬ ልሽጥ አልኩ። ለሚስቴም አልነገርኳትም። ስለዚህ ሁሉንም አንቺ ብቻ አትሸከሚው።» ከዚያ ጨመሩ፤ «ግን መንገድ ስትቀይሪ አይሽ ነበር። እሱ ነው የከፋኝ።»

እዚያው በረንዳ ላይ አለቀስኩ። ልብስ ሰፊው ምንም እንዳልሰማ ሆኖ መኪናውን ማንቀሳቀሱን ቀጠለ።

በማግስቱ አዴ ደርባቱ ጋ ሄድኩ። መሃለኛውን በር ስልክ ጠጋኝ ተከራይቶታል፤ የሚጠቀመው ግን ከፊት ያለውን አንድ ጠረጴዛ ነው፣ የክፍሉ ጀርባ ባዶ ነው። ክፍሉን በጣውላ ከፍለን ግማሹን ለኦቦ ገመቹ እንስጥ አልኳቸው። ስልክ ጠጋኙ ኪራዩ ስለሚቀልለት ደስ ብሎታል። አዴ ደርባቱ ግን ፊታቸውን አዞሩ።

«አሥራ አራት ዓመት ጠዋት ጠዋት ሰላም ሲለኝ የኖረ ሰው» አሉ፣ «ሲሄድ ቁልፉን በሰው ላከልኝ።»

ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ኦቦ ገመቹ በሰዓቱ «አንቺ ስጪልኝ፣ እኔ አልችልም» ብለውኝ ነበር። እኔ ተቻኩዬ ስለነበር ለምን እንደማይችሉ አልጠየቅኳቸውም።

«አፍረው ነው፣ አዴ። መሰናበት አቅቷቸው ነው» አልኳቸው።

«እንግዲያው ይምጣና ራሱ ይንገረኝ።»

መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። ሰላምታውን ጀመሩ፤ ስለ ጤናቸው፣ ስለ ልጆቻቸው። አዴ ደርባቱ በየጥያቄው «ነጋ»፣ ሰላም ነው፣ እያሉ ብቻ ይመልሳሉ። ስለ ላሟ ሲጠየቁ ግን፣

«ሞታለች» አሉ። «አንተ በሌለህበት ነው የሞተችው።»

ኦቦ ገመቹ አንገታቸውን ደፉ። አዴ ደርባቱም አዩአቸውና «በል ተቀመጥ፣ ምን ያስቆምሃል» አሉ።

ጣውላው ቆመ። ኦቦ ገመቹ ስለ ክሩ ቀለም የነገሩኝን እኔ ለአዴ ደርባቱ ነግሬያቸው ነበር። በሳምንቱ ስሄድ አናጢ ጠርተው ወደ ጓሮ የሚያየውን ግድግዳ አስቀድደው፣ ለኦቦ ገመቹ ባለመስታወት መስኮት አስወጥተውላቸዋል። ኪራዩን አልጨመሩም። ሲያመሰግኗቸውም «ቤቱ አየር ያስፈልገው ነበር» ብለው ወደ ጓሮ ገቡ።

ጋሽ ነስሩ ይህን ሰምተው ነው የሞቱት። የነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ ስለ መስኮቱ ስደርስ በፈገግታ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ከቀብራቸው መልስ፣ በሕይወታቸው ሱቅ ያገኙላቸው ሰዎች ቤታቸው ደጃፍ ላይ ሲቀመጡ ቦታ አልበቃም።

ጥቂት ዓመታት እንዲህ አለፉ። ከዚያ ያ የመንገዱ ዳር ሁሉ ለፎቅ ሥራ እንዲፈርስ ተወሰነ። የአዴ ደርባቱ ቤትም፣ የማዶዎቹ በረንዳዎችም። ልብስ ሰፊዎቹ እያንዳንዳቸው ለየብቻ እኔ ጋ ይመጡ ጀመር፤ «ለእኔ አንድ ቦታ ፈልጊልኝ» እያሉ። አዴ ደርባቱን ልጃቸው ከከተማው ዳር ወዳለው ቤቱ ወሰዳቸው። ጥሩ ቤት ነው፤ ሴራሚክ አለው፣ አጥሩ ከፍ ያለ ነው።

ኦቦ ገመቹን ዳግመኛ ከልብስ ሰፊዎቹ መለየት አልፈለግኩም። አምስቱንም ሰብስቤ፣ «ወይ ስድስታችሁንም አንድ ቦታ አገባችኋለሁ፣ ወይ ማናችሁንም አላስገባም» አልኳቸው። አጉረመረሙ፣ ግን ተስማሙ።

ቶሌራ የሚባል ወጣት ከገበያው ከፍ ብሎ ሕንፃ ሠርቶ ነበር። የፊቱን ሱቆች ለመዋቢያና ለጫማ ነጋዴዎች አከራይቷል። ከኋላ በኩል፣ ወደ ጠባብ መተላለፊያ የሚከፈቱ በሮች ግን ባዶ ናቸው።

«አዴ ዘሃራ፣ የኋላውን ማንም አይፈልገውም። ለመጋዘን ላደርገው ነው» አለኝ።

«ሳምንት ስጠኝ» አልኩት።

በዓል በሌለበት ሰሞን ሳምንት ሙሉ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ያምመኝ ነበር፤ ግን ያየሁት ደስ አሰኘኝ። ያ መተላለፊያ ከገበያ ወደ ታክሲ ማቆሚያ ማቋረጫ ነው። ቅዳሜ ብትል ማክሰኞ፣ ጨርቅ የገዙ ሴቶች በዚያ ይመለሳሉ። ልብስ የሚያሰፋ ሰው ፎቁን አያይም፤ ጨርቁን እንደያዘ የሚያገኘውን ልብስ ሰፊ ነው የሚያየው። ቶሌራን አጠገቤ አስቀምጬ አሳየሁት። መጀመሪያ ስልኩን ያይ ነበር፤ ኋላ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ስድስቱ ገቡ። አንዲት ጠባብ በር ግን ተረፈች፣ መጨረሻ ላይ ያለችው።

በዚያው ሰሞን አዴ ደርባቱ በባጃጅ ቤቴ መጡ። አርጅተዋል፤ ከባጃጁ ደግፌ አወረድኳቸው። ሰላምታውን ሳያሳጥሩ ጨረሱና፣

«ለእኔም አንድ በር ፈልጊልኝ» አሉኝ።

«ለርስዎ? ምን ሊያደርግልዎ?»

«ልጄ ቤት ውስጥ ሁሉ ነገር አለ። ደጅ የለም። አጥሩን ሳይ እውላለሁ። ቢላ ያሉት የእህቴ ልጆች ማር ይልኩልኛል፤ እሱን እሸጣለሁ። ሰው እያየሁ።»

ልጃቸውን አነጋገርኩት፤ መጀመሪያ «ሰው ምን ይለኛል?» አለ፣ ኋላ የእናቱን ፊት አይቶ እሺ አለ። ቶሌራንም አነጋገርኩት።

ውሉ የተፈረመው ማክሰኞ ቀን ነው፣ በቶሌራ ቢሮ። ኦቦ ገመቹ ምስክር ሆነው መጡ። ቶሌራ ወረቀቱን ጮክ ብሎ አነበበ፤ የራሱን ስም ሲጠራ «አከራይ»፣ የአዴ ደርባቱን ስም ሲጠራ «ተከራይ» አለ። አዴ ደርባቱ እጃቸውን አነሱ።

«እሷን እንደገና አንብባት።»

«ተከራይ፣ ወይዘሮ ደርባቱ።»

ከወንበራቸው ላይ ሳይነሱ ቢሮውን ዞር ዞር ብለው አዩት፤ ጠረጴዛውን፣ ማኅተሙን፣ ቶሌራን። የኔን እጅ ያዙ።

«እንዲህ ነው እንዴ የሚሰማው?» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እምቢ ቢለኝስ እያሉ መቀመጥ?»

«አይልዎትም፣ አዴ» አልኳቸው።

ወደ ኦቦ ገመቹ ዞሩ። «ገመቹ፣ እውነቱን ንገረኝ። አስቸግሬህ ነበር?»

ኦቦ ገመቹ ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያሽከረከሩ ትንሽ አሰቡ። «በጣም» አሉ።

አዴ ደርባቱ ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም፤ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ እንባቸው እየወረደ። ቶሌራ አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክቶ ወረቀቱ ላይ ሊያሳርፍ ሲሞክር ሳቁ አላቆም አላቸውና ቀለሙ ከስማቸው እስከ ወረቀቱ ጫፍ ድረስ ተሳበ። ቶሌራም መሳቅ ጀመረ፤ ተነስቶ ሌላ ወረቀት ሊያትም ሄደ።